በሥራ ሰዓት የሚነጋገሩ ባልና ሚስት

ጥቅምት 6 ቀን

ለልጄ ለድምቢጥ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴና ከእናትሽ በስተቀር ደህና ነኝ። መልሱን ስላዘገየሁት አትቀየሚኝ፤ ሰበብ ልደረድርልሽ እችል ነበር፣ እውነቱ ግን ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ጠፍቶኝ ነው።

ወሬው ደርሶሻል ማለት ነው። አዎ፣ ሥራ ይዣለሁ። አዎ፣ ሙዚየም ውስጥ ነው። ግን የጀልባ ነጂው «አባትሽን መስታወት ውስጥ አስቀመጡት» ያለሽ ቀልዱ ነው። ያ ሰው ቀልድ እንዳማረው ይሞታል እንጂ አንድም ቀን ሰምሮለት አያውቅም።

ወደቡ አጠገብ ያለውን የጨው መጋዘን ታስታውሺዋለሽ? እሱን አድሰው የቀድሞ የደሴት ኑሮ ሙዚየም አደረጉት። ከጎኑ ደግሞ የድሮ ቤት አስመስለው ሠሩ፦ የጭቃ ግድግዳ፣ የሸምበቆ ጣሪያ፣ የጠፍር አልጋ፣ የእጅ ወፍጮ፣ ኩራዝ፣ መረብ። ኃላፊዋ በዕድሜ ካንቺ የማትበልጥ ልጅ ናት፤ ከማዶ ነው የመጣችው። «ቤቱ ሰው ይፈልጋል፤ ባዶ ቤት ማን ሊያይ ይመጣል?» አለች። እኔ ጀልባ የሚጠግን ሰው ይፈለጋል ሲባል ሰምቼ ተመዘገብኩ። እናትሽም መረብ የምትሠራ ሴት ትፈለጋለች ሲባል ሰምታ ተመዘገበች። እኔ የሷን አላወቅሁ፣ እሷ የኔን አላወቀች። ሰኞ ጠዋት በሩን ከፍቼ ስገባ ምድጃው ዳር ቁጭ ብላለች! ኃላፊዋ እያጨበጨበች «ባልና ሚስት መሆናችሁን ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ!» ትላለች። እንደማንነጋገር ደሴቱ ላይ የማያውቅ የለም፤ ለሷ ግን የነገራት አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አልታረቅንም። የምንነጋገረው በሥራ ሰዓት ብቻ ነው። ጎብኚ ሲገባ «ዛሬ ምነው ዘገየህ?» ትለኛለች፤ «ውሃው ተቆጥቶ» እላታለሁ። ስንጨቃጨቅ ደግሞ ጎብኚው የትርዒቱ ክፍል እየመሰለው ያጨበጭባል። አንድ ሰውዬማ «ለስንት ጊዜ ተለማምዳችሁ ነው?» ብሎ ጠየቀን። እናትሽ «ከተጋባን ጀምሮ» አለችው። በሩ ሲዘጋ ግን አፋችንም አብሮ ይዘጋል። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወደ ቤት እንሄዳለን። እሷ ጓዳ ትገባለች፣ እኔ መሣሪያ ክፍሌ እገባለሁ። የግድ የሆነ ነገር ካለ በድመቷ በኩል ነው። «ንገሪው፣ ዘይት አልቋል» ትላታለች። ድመቷ ታየኛለች፤ ሄጄ እገዛለሁ።

ስለ ሳቁ ደግሞ አትከራከሪኝ። አንቺ በቦታው አልነበርሽም። በዕድሜዬ የሠራሁት ትልቁ ጀልባ፣ ደሴቱ ሁሉ ወጥቶ እያየ፣ ገና ውሃ ከመንካቱ ተገለበጠ፤ ከነእኔው። ራሴን ከውሃ ሳወጣ መጀመሪያ ጆሮዬ የገባው የእናትሽ ሳቅ ነው። ሌላው ሰው ጨዋ ነው፣ እሷ ከጀመረች በኋላ ነው የሳቀው። ይቅርታ እስክትለኝ ድረስ አንድ ቃል አልተነፍስም አልኩ። ይኸው ዓመት ሊሆነው ነው። ለቃሌ ሟች ነኝ።

አባትሽ

ጥቅምት 20 ቀን

አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ መነጽር ቤቱ ውስጥ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ተደብቄ ነው። ያንተን ሳነብ እንባዬ እስኪመጣ ስቄ የሱቁ ባለቤት «ዓይንሽን አመመሽ እንዴ? እንመርምርሽ?» አለኝ። (ሳቄን እንደ እማዬ ሳቅ ቆጥረህ እኔንም እንዳታኮርፈኝ።)

በፖስታው ጀርባ ላይ በእርሳስ «የደበቅሽኝ ነገር አለ?» ብለህ የጻፍከውን አይቻለሁ። አዎ፣ የደበቅኩህ ነገር አለ። ስልክ ደውዬ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ግን እዚያ ስልክ የሚይዘው ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ለሚጮህ ሰው ነው፣ አንተ ሳትሰማ መንደሩ ሁሉ ይሰማ ነበር።

ሰው አለ። የአውቶቡስ መካኒክ ነው። የእናቱን መነጽር ሊያሠራ መጣ፤ በሳምንቱ መልሶ አመጣው፤ በሌላው ሳምንትም እንደገና። በአራተኛው ላይ «ይህ መነጽር ምንም አልሆነም» ስለው «እሱስ አልሆነም፣ እኔ ነኝ የሆንኩት» አለኝ። ይኸው እንዲህ ሆኖ ልንጋባ ተስማማን። ደግ ነው፣ ጥፍሩ ብቻ አይጠራም።

ችግሩ እናቱ ናቸው። ስልክ ቤት ውስጥ መስመር ሲያገናኙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ሰው ሲዋሽ ከትንፋሹ ያውቃሉ ይባላል። ወላጆቼን ማየት ይፈልጋሉ፤ ግን እንዲነገራችሁ አይፈልጉም። «እንግዳ እንደሚመጣ ያወቀ ሰው ይጠርጋል፤ እኔ ያልተጠረገውን ነው ማየት የምፈልገው» ይላሉ። በሚቀጥለው ወር ከጡረተኞች ማኅበር ጋር ሙዚየሙን ሊጎበኙ ይመጣሉ። የትኛዋ እንደሆኑ እንዳልነግርህ አስምለውኛል። አልነግርህም። ግን መነጽር ቤት እንደምሠራና መነጽራቸውንም በእጄ እንደሠራሁላቸው አስታውስ። ከዚህ በላይ አልልም።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ እሱን እንዴት እንደምጽፈው ጨንቆኛል። ስለ እናንተ ሲጠይቁኝ «እናትና አባቴ ሲያወሩ የማይጠጋገቡ ናቸው» ብያቸዋለሁ። ምን ላድርግ፣ ከአፌ አመለጠኝ። ስለዚህ አባዬ፣ በሞቴ፣ በሥራ ሰዓት ያለችዋን ወሬ በደንብ አውሩልኝ። ለእማዬም ንገራት። እንዴት እንደምትነግራት አንተ ታውቃለህ። ካስፈለገም በድመቷ።

ልጅህ

ኅዳር 2 ቀን

ድምቢጤ፣

እንኳን ደስ ያለሽ! አሁን ደግሞ ልቆጣሽ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለአባት በቀጭን ወረቀት ላይ ይጻፋል? ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት፤ የፖስታ ቤቱ ሰው ሰው የሞተብኝ መስሎት ውሃ አምጥቶ አጠጣኝ።

ለእናትሽ ነግሬያታለሁ። ይህን ያህል ነገር በድመት አይላክም። በማግስቱ ጎብኚዎች እስኪገቡ ጠበቅኩና መዶሻዬን አስቀምጬ «ሴትዮ፣ ልጃችን እኮ ባል ልታገባ ነው» አልኳት። መረቡ ከእጇ ወደቀ። «ማንን?» አለች። «መካኒክ ነው፤ ደግ ነው ብላ ጽፋለች» አልኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ፊቷን በመረቡ ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አንዲት ጎብኚም አብራት አለቀሰች፤ ባሏ ፎቶ ያነሳል። ኃላፊዋ ሮጣ መጥታ «ይህን የልጅ ጋብቻ ነገር ከየት አመጣችሁት? በጣም ግሩም ነው! በየቀኑ ይደገም» አለች። ይኸው ከዚያ ወዲህ በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ እንድርሻለን።

አሁን መልሺልኝ። መነጽሯ የወርቅ ነው የቀንድ? ረጅም ናት አጭር? ጡረተኛ ሴት ሁሉ መነጽር ያደርጋል እኮ! እንዲህ ያለውን ፍንጭ ለጠላትሽ ስጪው።

አባትሽ

ኅዳር 9 ቀን

አባዬ፣

ቃል ቃል ነው። ከማን እንደወረስኩት አንተው ታውቃለህ።

ልጅህ

ኅዳር 19 ቀን

ለድምቢጥ፣

ደስ ይበልሽ! አማትሽን በእጃችን አስገብተናል።

ባለፈው ቅዳሜ ጡረተኞቹ መጡ። ገና ከጀልባው ሲወርዱ ለይቼ አወቅኋት። ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ የወርቅ መነጽር ያደረገች፣ ሁሉን ነገር ጠጋ ብላ የምትመረምር ሴት ናት። «ይህች ናት» ብዬ ለእናትሽ በዓይኔ ጠቀስኳት። በዓይን መጥቀስ ንግግር አይደለም። ቦርሳዋን ተሸከምኩላት። ከመግቢያው ጀምሬ ሁሉንም አስረዳኋት፦ መቅዘፊያውን፣ የዓሣ ማድረቂያውን፣ ድሮ ከማዶ ጋር በጭስ እንዴት እንነጋገር እንደነበር። ጠፍር አልጋው ላይ መቀመጥ ክልክል ነው፤ እሷን አስቀመጥኳት። እናትሽም ያለወትሮዋ ማር ሆና «እሱ እኮ ሲመጣ ቤቱ ይበራል» አለች፤ ስለ እኔ! ጣሪያውን ቀና ብዬ አየሁት፤ ይናዳል ብዬ ነበር።

አንዲት ጉድ ብቻ ነበረች የምትበጠብጠን። አጭር፣ ደልደል ያለች ሴትዮ፣ እንደ ዓይነ ስውር ሁሉንም ነገር ትነካለች። ማሰሮ ገፋች፤ መረቡ ውስጥ ተጠላልፋ እኔው ፈታኋት። እናትሽ ትዕግሥቷ አለቀና «እሜቴ፣ እጅዎ ሥራ ፈትቶ ከሆነ ሥራ ልስጠው» ብላ ወፍጮው ላይ አስቀመጠቻት። ሴትዮዋ እጅጌዋን ሰብስባ እስከ ምሳ ድረስ ፈጨች።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣና ጀልባው አልሄድም አለ። እንግዶቹን በየቤቱ አከፋፈሏቸው። ባለ ወርቅ መነጽሯን ወደ እኛ ልወስድ ስጣደፍ እሷ ሙቅ ውሃ ያለበት ቤት ነው የማድረው ብላ ከኃላፊዋ ጋር ሄደች። ይሁን፣ በአንድ በኩል ተገላገልን፤ ቤታችንን ባታየው ይሻላል። በምትኩ ያቺ ወፍጮኛ እናትሽ ላይ ተለጥፋ እኛ ጋ መጣች።

ስለ ማታው ምንም የሚወራ ነገር የለም። እራት በልተን ተኛን። ጠዋት ሸኘናት። ማታ ስለሆነው አትጠይቂኝ፤ ምክንያቱም ምንም አልሆነም።

አባትሽ

ኅዳር 28 ቀን

አባዬ፣

ቁጭ ብለሃል? ቁጭ በል።

ባለ ወርቅ መነጽሯ የጥርስ ሐኪም የነበሩ ናቸው። ወንድ ልጅም ሴት ልጅም የላቸውም። «እንደዚያ ያለ ጨዋ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም» እያሉ ማኅበሩን በሙሉ አስቀንተዋል አሉ።

አማቴ ወፍጮኛዋ ናቸው።

መነጽራቸውን ጀልባው ላይ አውልቀው ቦርሳቸው ውስጥ ከተውታል። «ልጅቷ የመነጽር ነገር ሳትናገር አትቀርም ብዬ ነው» አሉኝ። ያለ እሱ ደግሞ የእጃቸውን ጣት አያዩም። ማሰሮውን የገፉት፣ መረብ ውስጥ የገቡት ለዚህ ነው። ስለ ወፍጮው አልተቀየሙም፤ ክንዳቸው ግን እስካሁን አልተነሣላቸውም፣ ጸጉራቸውን የማበጥርላቸው እኔ ነኝ።

«ምንም አልሆነም» ያልከኝን ማታ በሙሉ ነገሩኝ። ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ነው የሰማኋቸው። እንዳወሩልኝ ልጻፍልህ፤ የተጨመረ ካለ ንገረኝ፦

«እራት ቀረበ። አባትሽ ድመቷን አየና ‹ንገሪያት፣ ሾርባው ጨው የለውም› አለ። እናትሽ ደግሞ ‹ንገሪው፣ ጨው ያለው እጁ አጠገብ ነው› አለች። ድመቷ ተነሥታ ወጣች። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ መስመር ሳገናኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የተቋረጠ መስመር ሳይ እጄ አያርፍም። ‹ድመቷ ደክሟታል፤ እስክትመለስ እኔ ላድርስ› አልኳቸው። አላመነቱም፤ ደስ አላቸው። መጀመሪያ ያሉትን እንዳሉት አደረስኩ። በኋላ አባትሽ ‹ንገሪያት፣ ሸሚዜ አልታጠበም› ሲል ወደ እናትሽ ዞሬ ‹ያለ አንቺ ሸሚዜን እንኳ ማግኘት የማልችል ሰው ነኝ ይላል› አልኳት። የአባትሽ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። እናትሽ ‹ንገሪው፣ እጅ አለው፣ ይጠበው› አለች። ‹እጅህ ናፈቀኝ ትላለች› አልኩት። ሁለቱም እኩል ‹እኔ እንደዚያ አላልኩም!› ብለው ጮኹ። እናትሽ ቀጥታ ወደሱ ዞራ ‹ታዲያ ምንድን ነው ያልከው?› አለችው።

‹ሸሚዝ ነው ያልኩት!›

‹ሸሚዝህማ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ሳጥኑ ላይ ነው ያለው! ከሐሙስ ጀምሮ!›

‹ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?›

‹እንዴት ብዬ ልንገርህ?›

እዚያ ላይ ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እኔ ሳህኖቹን ሰብስቤ ልጠብ ብዬ ወጣሁ። አጥቤ ስመለስ አልጨረሱም። እንቅልፍ ሲጥለኝም አልጨረሱም። ሲያወሩ አይጠጋገቡም ብለሽ ስትዋሺኝ ከትንፋሽሽ አውቄ ነበር። ልቆጣሽ ብዬ ነበር የሄድኩት፤ ግን ጠዋት ስወጣ ውሸትሽ እውነት ሆኖ ስላገኘሁት ትቼልሻለሁ።»

አባዬ፣ ሰርጉ በጥር አጋማሽ ነው። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሳህን ሲያጥቡ ውጪ ስለነበሩ እሳቸውም አልሰሙም። ከሸሚዙ በኋላ ምን ተባባላችሁ?

ልጅህ

ታኅሣሥ 10 ቀን

ድምቢጤ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። የማኅበሩ ሴት ሁሉ እያየ የጥርስ ሐኪም ቦርሳ ተሸክሜያለሁ! ብሶ ደግሞ ሴትዮዋ ለሙዚየሙ የምስጋና ደብዳቤ ጽፋ መጨረሻው ላይ «ለመሆኑ ሰውየው ትዳር አለውን?» ብላለች። እናትሽ ደብዳቤውን ተቀብላ ለራሷ አነበበችው፤ ከዚያ ለኃላፊዋ አነበበችላት፤ ከዚያ ለጀልባ ነጂው። ያ ሰው እንግዲህ በሕይወቱ አንድ ሰው የሚስቅበት ወሬ አገኘ።

የተጨመረ ካለ ንገረኝ ብለሽኛል። የለም። እንደውም ሴትዮዋ ቀንሳልናለች።

ለጠየቅሽኝ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። በአራተኛው እንደመጣልኝ ልጻፈው።

ሴትዮዋ ሳህኖቹን ይዛ ስትወጣ እኔ «እንግዲህ አፍ ከተከፈተ አይቀር፣ ይቅርታ በይኝ» አልኳት። «በምን?» አለች። «በሳቁ ነዋ!» ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«ጀልባው ሲገለበጥ አንተ ከሥሩ ቀረህ። ሰዉ ሁሉ ጀልባውን ነበር የሚያየው። እኔ አንተን ነበር የምጠብቀው፤ አልወጣህም። አሁን ይወጣል፣ አሁን ይወጣል አልኩ፤ አልወጣህም። ጫማዬን አውልቄ ልገባ ነበር። እኔ ደግሞ ዋና እንደማልችል ታውቃለህ። ያን ጊዜ በወዲያኛው በኩል ባርኔጣህን እንዳደረግህ ብቅ ብለህ ‹መዶሻዬ የታለ?› ብለህ ተቆጣህ። ምን ላድርግ ታዲያ? ሳቅ ሆኖ ወጣብኝ። ላቁመው ብል አልቆም አለኝ።»

ልጄ፣ ያን ቀን ባዶ እግሯን ውሃው ዳር ቆማ አይቻታለሁ። እግሯን ልትታጠብ ነው ብዬ ነበር። ዓመት ሙሉ ጓዳና መሣሪያ ክፍል ተለያይተን የከረምነው በዚህ ነው። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «አኩርፈህ እኮ ነበር፤ ላኮረፈ ሰው ሞትክ ብዬ ነበር ይባላል?» አለችኝ። ይቅርታ ማን ማንን እንደጠየቀ አልጽፍልሽም። ያ የኔና የሷ ነው።

አሁን ሌላ ችግር ገጥሞናል። ቤት ውስጥ ወሬውን ሁሉ ጨርሰን ስለምንመጣ ሥራ ቦታ የምንለው አጣን። ጎብኚ ይገባል፣ እሷ መረቧን ትሠራለች፣ እኔ ሳንቃዬን እልጋለሁ፤ ዝም። አንድ ሰውዬ ለኃላፊዋ «እነዚህ ሰዎች ተኳርፈዋል እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። ልጅቷ ተጨንቃ «ኧረ እንደ ድሮው ተጨቃጨቁልኝ!» እያለች ትለምነናለች። እናትሽ «ስንጋባ ይህ በውል ውስጥ አልነበረም» አለቻት።

አማትሽን ስለ ወፍጮው ይቅርታ ጠይቂልን። እናትሽ ኀፍረት ይዟታል፤ ግን ደግሞ «ዱቄቱ እንዲህ ልሞ አያውቅም» ትላለች። ክንዳቸውን ማታ ማታ በሞቀ ጨርቅ ይያዙት። ለመካኒኩም ንገሪው፤ ጥፍሩ ባይጠራም ችግር የለም፤ የኔም ጠርቶ አያውቅም፣ ሰው ግን አግብቶኛል።

በጥር ሁለታችንም እንመጣለን፤ ነፋስ ካልተነሣ በመጀመሪያው ጀልባ። በሰርጉ የት እንደምታስቀምጪን ካሰብሽ፣ ጎን ለጎን አስቀምጪን። ብቻ ከአሁኑ ልንገርሽ፣ ስለ ጫማዬ አልተስማማንም። እኔ ጥቁሩ ይበቃል እላለሁ፤ እሷ ጥቁሩ የሬሳ ሸኚ ያስመስልሃል፣ ቡናማውን አስጠግን ትላለች። ቡናማው ይጠበኛል ስላት እግርህ ነው የወፈረው አለች። እግር አይወፍርም አልኳት። ይኸው ይህን ስጽፍ ከጀርባዬ ቆማ የወፈሩ እግሮችን ትቆጥርልኛለች፤ ከአጎቷ ጀምራ አሁን አያቷ ላይ ደርሳለች። ከንጋት ጀምሮ አፏ አልተከደነም። ጆሮዬ ደነቆረ፣ ልጄ። ተመስገን።

አባትሽ